የዘር ጎታ የሰበረው ንጉሥ

አንድ ገበሬ ነበረ። ጎራዴህን ከጉልበትህ ላይ አውርድና ስማ፣ ተድላ፤ ምርቃት ፈልጎ ሽማግሌ ዘንድ የመጣ ሰው እንዲህ አይቀመጥም። «ከቆላ የተነሣው ሰው ጻድቅ ነው፤ ይሄን ንጉሥ ጥሎ አገር ያሳርፋል ይባላል፤ ልከተለው ወይስ ልተወው?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ይህንኑ ጥያቄ ከአንተ በፊት ሌሎችም ጠይቀውኛል። መልስ መስጠት ደክሞኛል። ስለዚህ ስለ ገበሬው ልንገርህ።

ገበሬው አባቱ የተወለትን መሬት ከታናሽ ወንድሙ ጋር ያርስ ነበር። ሀብታም አልነበረም፤ ግን ሰው ደጅ አይጠናም። በዚያ አገር በየቤቱ ሁለት ጎታ ይቆማል። አንዱ የሚበላው እህል ነው፤ ሁለተኛው ዘር ነው። የዘሩ ጎታ አፉ በእበት ተመርጎ እስከሚዘራበት ቀን አይነካም። ክፉ ቀን መጥቶ ልጆች በረሃብ ሲያለቅሱ እንኳ እናት ጀርባዋን ትሰጠዋለች እንጂ አትከፍተውም።

በዚያን ዘመን ሌላም ልማድ ነበር። የንጉሡ ጦር ዘመቻ ሲወጣ፣ በደረሰበት አገር ወታደሩ እንዲያድር በየገበሬው ቤት ይመራል፤ ገበሬውም ማብላትና ማጠጣት ግዴታው ነው። በእኛ ሰው ቤት አምስት ወታደሮች ተመሩ። አንድ ቀን ውለው ይሄዳሉ የተባሉት ሦስት ሳምንት ተቀመጡ። በጉን በሉ፤ ጊደሯን በሉ፤ የሚበላውም እህል አለቀ። በመጨረሻ አንደኛው ተነሥቶ የዘሩን ጎታ በጦሩ ዘንግ መታው። እህሉ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ገበሬው በሬዎቹን ለወንድሙ አስረከበና ጫካ ገባ።

ሸፈተ ሲባል ዘር የተበላበት ሁሉ ተከተለው። ብዙ ነበሩ፤ ንጉሡ ራሱ የማያውቀውን ያህል ብዙ። ዘጠኝ ዓመት ተዋጉ። የጦርነቱን ነገር አልተርክልህም፤ ማን ማንን የት እንደገደለ አዝማሪ ይንገርህ፤ እኔ ሰልችቶኛል። በዘጠነኛው ዓመት አሮጌው ንጉሥ ተማረከ፤ ገበሬውም ዘውድ ደፋ። የመጀመሪያ አዋጁ «የገበሬን የዘር ጎታ የከፈተ፣ መኮንንም ይሁን ተራ ወታደር፣ እጁ ይቆረጥ» የሚል ነበር። ሁለት የጦር አለቆች እጃቸውን አጡ። ሕዝቡ አለቀሰ፤ ደስ ብሎት ነው ያለቀሰው። አዲሱ ንጉሥም ያንን አዋጅ ከዘውዱ አብልጦ ይወደው ነበር።

ነገር ግን ሰዎቹን «በሉ እንግዲህ፣ አገራችሁ ገብታችሁ እረሱ» ሲላቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ። ዘጠኝ ዓመት በጦር ያደሩ ሰዎች ናቸው፤ ከበሬ ኋላ መቆም አስጠልቷቸዋል። ደግሞ ወዲያው በምሥራቅ በኩል አንድ ገዥ አልገብርም አለ። «እሱን እስክንመታ» አሉ አለቆቹ። እሱ ሲመታ በደቡብ ሌላ ተነሣ። «እሱን እስክንመታ» ተባለ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥር ዓመት አለፈ። ጦሩ ሊበተን ቀርቶ በየዓመቱ ጨመረ።

አንድ ዓመት ሰኔ ሲገባ፣ ንጉሡ ከዘመቻ ሲመለስ ዝናብ ቀደመው። ወንዙ ሞላ። ሠላሳ ሺህ ሰው እንደያዘ ተወልዶ ባደገበት አገር ላይ ተቀመጠ። በሰኔ በገበሬ ቤት ምን እንዳለ ለእሱ መንገር አያሻም፤ ከዘር በቀር ምንም የለም። በአራተኛው ቀን አለቆቹ ድንኳኑ ገቡ።

«ጃንሆይ፣ ሰዉ አልበላም» አሉት። «ዛሬ ካልበላ ነገ እየከዳ ወደ ሽፍትነት መሄዱ ነው።»

አዋጁን ማፍረስ ለንጉሡ ሞት ነበር፤ ጦሩን ማጣትም ሞት ነበር። ሌላ ሰው ቢወስንለት ወደደ፤ ግን ከእሱ በላይ ማንም አልነበረም። በመጨረሻ «ከገዛ ቤቴ ልጀምር» አለና በእግሩ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ።

ወንድሙ ደጃፉ ላይ ቀንበር ይጠግን ነበር። ሲያየው ተነሥቶ እጅ ነሣ። የመጣበትን ሲሰማ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ዘር እኮ ነው፣ ጃንሆይ።»

«አውቃለሁ።»

«ልጆቼ ለከርሞ ምን...»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ!» አለ ንጉሡ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ሰዉ ተርቧል» አለ።

ታናሽየው ወደ ውስጥ ገብቶ ከጎታው ፊት ቆመ። ኋላ ፈቀቅ አለ። «ለወታደር አልሰጥም» አለ። «እርስዎ ራስዎ ይክፈቱት። እጅ የሚያስቆርጠው አዋጅ ከእርስዎ አፍ ነው የወጣው።»

ንጉሡ ጎታውን አየው። ወንድሙ ልክ እንደ እናታቸው በሦስት ጣት ነበር የመረገው፤ የጣቶቹ መሥመር በእበቱ ላይ ደርቆ ይታያል። አፈረ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ከዚያም በጡጫው መታው፤ ምርጊቱ ተፈረፈረ፤ እህሉም ወረደ። በዚያን ቀን በአገሩ ያልተከፈተ የዘር ጎታ አልተረፈም።

ሐምሌ ሲመጣ የሚዘራ ጠፋ። መስከረም ሲጠባ ማሳው ሁሉ አረም ነበር። ዶሮ ማረድ እንኳ ይፈራ የነበረው ወንድሙ ሁለት ልጆች ቀበረና ጫካ ገባ። የተከተለውን ሰው ብዛት ልነግርህ አያስፈልግም። በሦስት ዓመቱ የንጉሡን ከተማ ያዘ።

ንጉሡ አልሸሸም፤ ደክሞት ነበር። ታናሽየው ጎራዴውን እንደመዘዘ እልፍኝ ሲገባ ብቻውን አልጋው ላይ ተቀምጦ አገኘው።

«ስንት ሰው ይዘህ መጣህ?» አለው ንጉሡ።

«አርባ ሺህ።»

«ጎበዝ፤ ከእኔ በለጥህ። ምን ታበላቸዋለህ?»

ከውጭ ደጅ የሚሰብሩ የታናሽየው ሰዎች ድምፅና የሴቶች ጩኸት ይሰማ ነበር። እሱም አንድ ጊዜ ወደ በሩ ዞሮ አየ፤ ወጥቶ ሊከለክላቸው አሰበና መልሶ ወደ ንጉሡ ዞረ።

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ» አለ።

እውነቱን ነው፤ አያውቅም ነበር። ንጉሡም አልሳቀበትም። አልጋው ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት፤ ወንድሙም ጎራዴውን መሬት ላይ ጥሎ አጠገቡ ተቀመጠ።

እንግዲህ ተድላ፣ ያ ገበሬ የምትከተለው ሰው ነው። ልትጥለው የምትሄደው ንጉሥም እሱው ነው፤ የሚለያዩት በዓመት ብቻ ነው። መንግሥት ክፉ ሰው ስለያዘው ብቻ የሚወድቅ ይመስልሃል። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። በደልን ሊያጠፋ የተነሣ ጦር ከድሉ በኋላም መብላት አለበት፤ የሚበላውም ከዚያው ከተበደለው ሰው ቤት ነው፤ በዚያው ቤት ደግሞ የሚቀጥለው ሽፍታ ይወለዳል። ሰውየህ ጻድቅ ነው ትለኛለህ። ይሁን። ገበሬውስ መቼ ጻድቅ አልነበረም?

ሂድ አልልህም፤ ቅርም አልልህም። ብቻ ስትደርስ፣ እግሩን ከመሳምህ በፊት አንድ ነገር ጠይቅልኝ፤ «ባሸነፍን ማግሥት ይህን ሁሉ ሰው እንዴት ወደ እርሻው ትመልሰዋለህ?» በለው። መልስ ካለው ላክብኝ፤ በዚህ ጉልበቴም ቢሆን በትሬን ይዤ ቆላ እወርዳለሁ። መልስ ከሌለው ግን ተከትለኸው ሄደህ ሄደህ የምትሰብረው የእናትህን ጎታ ነው። ለዚያ ደግሞ እኔ አልመርቅህም።