ያልተፈታው ብርድ ልብስ

ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ስም ነው።

ወይዘሮ ታንጉት የሚባሉ፣ መጠየቅ የማይታክታቸው ባልቴት ነበሩ። ባለቤታቸው ሃምሳ አለቃ ይነሱ በአርባ ዓመት ትዳር አንዲት ጥያቄ ብቻ ሳይመልሱላቸው ሞቱ፤ ከጦር ሜዳ ይዘውት የመጡት ግራጫ ብርድ ልብስ አራቱም ጫፉ ለምን ተቋጠረ? «አትፍቺው፤ ሰው ተኝቶበታል» ይሉ ነበር። ሌላ ቃል የለም።

በጦር ሜዳም ሆነ ኋላ በቤታቸው ለሞቱት የሻለቃ ጦሩ ዘማቾች የቆመው ሐውልት እሑድ ሊመረቅ ነው፤ ከተመረቀ ወዲያ ስም አይጨመርበትም። ወይዘሮ ታንጉት ሐሙስ ጠዋት ድንጋይ ጠራቢውን ከላይ እስከ ታች አስነበቡት። ይነሱ የሉም።

«ልጄ፣ አንዲት ስም ቅረጽልኝ።»

«እማማ፣ መሮዬ ያለ ደብዳቤ አይቀርጽም።»

«ለምን?»

«ጠመንጃ ነክቶ የማያውቅ ሰው ቀርጬ፣ በገዛ እጄ አስፍቀውኛል።»

ወደ ዘማቾች ጽሕፈት ቤት ጸሐፊዋ ዘንድ ሄዱ። «መሮው ያለ ደብዳቤ አልቀርጽም አለ፤ ደብዳቤ ጻፊልኝ።»

«ደብዳቤዬ ያለ ማኅተም አይወጣም፣ እማማ።»

ወደ ኃላፊው ገቡ። «መሮው ያለ ደብዳቤ አልቀርጽም አለ፤ ደብዳቤው ያለ ማኅተም አልወጣም አለ፤ ማኅተምዎን ያሳርፉልኝ።»

«ማኅተሜ ያለ መዝገብ አያርፍም።»

«ማኅተም ማረፊያ ይመርጣል እንዴ?»

«እንደ ዝንብ ባገኘው ላይ ሁሉ ካረፈማ፣ ምኑን ማኅተም ሆነ!»

ወደ መዝገብ ቤት ወረዱ። «መሮው ያለ ደብዳቤ አልቀርጽም አለ፤ ደብዳቤው ያለ ማኅተም አልወጣም አለ፤ ማኅተሙ ያለ መዝገብ አላርፍም አለ፤ መዝገብህን ግለጥልኝ።»

መዝገብ ያዡ አቧራውን እፍ ብሎ ገለጠ። ስሙ አለ፤ ከጎኑ ግን «በወንዙ ውጊያ መሳተፉ ምስክር ይሻል» ተብሎ ተጽፏል። «መዝገቤ ያለ ምስክር አይሞላም። ከዚያ ውጊያ ዛሬ በሕይወት ያሉት አሥር አለቃ ጉርሙ ብቻ ናቸው።»

አሥር አለቃ ጉርሙን ደረቅ እግራቸውን ዘርግተው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። «መሮው ያለ ደብዳቤ አልቀርጽም አለ፤ ደብዳቤው ያለ ማኅተም አልወጣም አለ፤ ማኅተሙ ያለ መዝገብ አላርፍም አለ፤ መዝገቡ ያለ ምስክር አልሞላም አለ፤ ይመስክሩልኝ።»

«የይነሱ ሚስት ነሽ?» ፊታቸውን አዞሩ። «ያለ ብርድ ልብሴ አልናገርም! ወንዙ ዳር ቆስዬ ራሴን ሳትሁ፤ ሆስፒታል ስነቃ ብርድ ልብሴ የለም። ይነሱ ይዞት ሲሄድ ታየ አሉኝ። ቁስለኛ የሚገፍ ሰው ስሙ ሐውልት ላይ ይውጣ?»

ወይዘሮ ታንጉት ለመጀመሪያ ጊዜ «ለምን?» ማለት አቃታቸው። ሌሊቱን ሳይተኙ አደሩ፤ ሲነጋ ሣጥኑን ከፈቱ። «የሌባም ሚስት ከሆንሁ ልወቀው» አሉና ብርድ ልብሱን ወስደው በጉርሙ ጉልበት ላይ ዘረጉት።

ጉርሙ ጥጉ ላይ በቀይ ክር የሰፉትን ምልክት አገኙ። «የኔ ነው!» እጃቸው ግን ቋጠሮው ላይ ቆመ። በየቋጠሮው ውስጥ የእንጨት ልጣጭ ተሰክቷል፤ መሐሉ ላይ የደረቀ ደም አለ፤ የግርጌው ጠርዝ በድንጋይ ተፍቆ ሳስቷል።

«ይህ ቋጠሮ ምንድን ነው?» ጠያቂው አሁን እሳቸው ሆኑ።

«አርባ ዓመት ጠየቅሁት። ‹አትፍቺው፤ ሰው ተኝቶበታል› ነበር መልሱ።»

አሥር አለቃው አራቱን ቋጠሮ አንድ በአንድ አገላበጡ። «ቃሬዛ ነው» አሉ በመጨረሻ። «በየቋጠሮው እንጨት አስገብቶ ብቻውን ጎትቶኛል። የተኛሁበት እኔ ነኝ... ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«እርስዎስ ጠይቀውት ያውቃሉ?»

ጉርሙ ምርኩዛቸውን አንሥተው ተነሡ። ምስክሩ ተናገረ፤ መዝገቡ ሞላ፤ ማኅተሙ አረፈ፤ ደብዳቤው ወጣ፤ መሮው ቀረጸ።

እሑድ ሐውልቱ ሲገለጥ ይነሱ ከመጨረሻው መሥመር ላይ ነበሩ። ወይዘሮ ታንጉት ስሙን በጣታቸው ዳሰሱና፣ ብርድ ልብሱን በትከሻቸው ወዳደረጉት ጉርሙ ዞሩ።

«እንግዲህ ቋጠሮው ይፈታ?»

«አይፈታም፣ እትዬ» አሉ ጉርሙ፤ «ሰው ተኝቶበታል።»