የሆርሞኑ ቦታና የኮሚቴው ወንበር

ላም የሌለበት፣ በረት የሌለበት፣ ወንበር ግን የሞላበት ተረት ልንገራችሁ።

ትርንጎ የምትባል ተመራማሪ ነበረች። ወንድሟ ደምስ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ በየቀኑ ሆዱ ላይ ኢንሱሊን ይወጋል፣ መርፌው አስመርሮታል። ኢንሱሊን ሆርሞን ነው፤ የሚሠራው ሴል ላይ ያለችው ተቀባይ ላይ ሲቀመጥ ነው። ትርንጎ የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ናት፦ ሆርሞኑ ከተቀባይዋ የቱ ጋ እንደሚቀመጥ ማወቅ። ቦታው ከታወቀ፣ አንድ ቀን የሚዋጥ መድኃኒት እዚያው ማስቀመጥ ይቻል ይሆናል ብላ ነው። ሴሏን ጠየቀቻት። ሴሏ አልናገርም አለች።

ትርንጎ ወደ አንቲቦዲዎቿ ሄደች። አንቲቦዲ ጥንቸል በደሟ የምትሠራው፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተለጥፎ የሚሸፍን ነገር ነው። አንዱ የተቀባይዋን ትከሻ ይሸፍናል፣ አንዱ ወገቧን፣ አንዱ ብብቷን። የተሸፈነው ቦታ የሆርሞኑ ካልሆነ ሆርሞኑ ምንም ሳይመስለው መጥቶ ይቀመጣል። የራሱ ቦታ ከሆነ ግን ሲዞር ይውላል። ዘዴው ይኸው ነው። «አንቲቦዲ፣ ሸፍንልኝ፤ ሴሏ አልናገርም ብላለች» አለችው። አንቲቦዲው ከፍሪጅ ሳልወጣ አልሸፍንም አለ።

«ፍሪጅ፣ ተከፈትልኝ፤ አንቲቦዲው አልሸፍንም ብሏል፣ ሴሏ አልናገርም ብላለች» አለች። ፍሪጁ ቁልፉ ሳይዞር አልከፈትም አለ። ለምን እንደተቆለፈ ታውቃላችሁ? አንድ የተከበረ ሰው የዶሮ ወጡን ከአንቲቦዲው ጎን አስቀምጦ ስለተገኘ ነው። ሰውየው ምሳውን ይዞ ሄደ፤ የታሰረው አንቲቦዲው ነው። ብልህ መሥሪያ ቤት እንዲህ ነው የሚቀጣው።

«ቁልፍ፣ ዙርልኝ፤ ፍሪጁ አልከፈትም ብሏል፣ አንቲቦዲው አልሸፍንም ብሏል፣ ሴሏ አልናገርም ብላለች» አለች። ቁልፉ ይንገሱ ሳያነሳኝ አልዞርም አለ። ይንገሱ የንብረት ክፍል ሰው ነው፤ ቁልፉን ከራሱ በላይ ይጠብቃል።

«ይንገሱ፣ በናትህ አንሳልኝ፤ ቁልፉ አልዞርም ብሏል፣ ፍሪጁ አልከፈትም ብሏል፣ አንቲቦዲው አልሸፍንም ብሏል፣ ሴሏ አልናገርም ብላለች፤ እስከ ማታ ካልተሠራባት ደግሞ ትሞታለች» አለችው። ይንገሱ ከንፈሩን መጠጠላት። ከንፈር መምጠጥ ፈቃድ አይጠይቅም። ቁልፉን ግን ዳይሬክተሩ ሳያዙኝ አላነሳም አለ።

ዳይሬክተሩ ዶክተር ልሳነወርቅ ይባላል፤ ምሳውን ከቤቱ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ቢሮው ሄደች። «ዶክተር፣ ይዘዙልኝ፤ ይንገሱ አላነሳም ብሏል፣ ቁልፉ አልዞርም ብሏል፣ ፍሪጁ አልከፈትም ብሏል፣ አንቲቦዲው አልሸፍንም ብሏል፣ ሴሏ አልናገርም ብላለች» አለችው። የፍሪጅ ጉዳይ የኮሚቴው ነው፣ ኮሚቴው ሳይወስን እኔ ማን ነኝ አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ነው? ራሱ ነው። ወደ ስብሰባው ክፍል ተከተለችው። እዚያ ባለ ትልቅ መደገፊያው ወንበር ላይ ተቀመጠና ድምፁን አወፈረ።

«ዳይሬክተሩ ጉዳዩን ሳያቀርቡልኝ ኮሚቴው እንዴት ይወስናል?» አለ።

ዳይሬክተሩን አክብሮ «ሳያቀርቡልኝ» የሚለው ስለ ራሱ ነው። ሳቁ ሳቁ ካላችሁ ሳቁ፤ ትርንጎ ግን ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ሴሎቿ እየሞቱ ነው። የደምስም ሆድ ነገም መርፌ ይጠብቀዋል።

ከዚያ ዘዴዋ ትዝ አላት። እምቢታው የቱ ጋ እንደሚቀመጥ ለማወቅ መሸፈን ነው። መጀመሪያ ሄዳ የቢሮውን ወንበር ሸፈነች፤ ቁጭ አለችበት። ዶክተሩ መጣ፣ አያት፣ የእንግዳ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ምንም ሳይመስለው እምቢ አለ። እዚህ አይደለም። ተነስታ የስብሰባውን ትልቅ ወንበር ሸፈነች። ዶክተሩ ገባ። በቀኝ ዞረ፣ በግራ ዞረ፣ ባዶ ወንበሮቹን አየ፣ አንዱም አልሆነለትም፤ ላብ አጠመቀው።

«ተነሽልኝ፣ ልጄ» አለ በቀጭን ድምፅ።

«ይንገሱን ይዘዙልኝ፣ እነሳለሁ።»

ኮሚቴው ቆሞ ወሰነ። ዳይሬክተሩ ይንገሱን አዘዘ፣ ይንገሱ ቁልፉን አነሳ፣ ቁልፉ ዞረ፣ ፍሪጁ ተከፈተ፣ አንቲቦዲው ወጥቶ ሸፈነ። የተቀባይዋ ትከሻ ተሸፈነ፤ ሆርሞኑ መጥቶ ተቀመጠ። ወገቧ ተሸፈነ፤ መጥቶ ተቀመጠ። ብብቷ ሲሸፈን ግን በቀኝ ዞረ፣ በግራ ዞረ፣ ቦታ አጣ። ሴሏም ተናገረች።

ትርንጎ ለደምስ ደወለችለት።

«የሚቀመጥበትን አገኘሁት» አለችው።

«መርፌው ቀረልኝ ማለት ነው?»

«ገና ነው፣ ወንድሜ። መጀመሩ ግን ተጀመረ።»

«እስከ ዛሬ ታዲያ ምን ይዟችሁ ነው?»

«ወንበር» አለችው።

ተረቴን መልሱልኝ፤ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ።