አያ ቢሻው እና የጨው ደመኞች

ድሮ በአንድ የቆላ ገበያ አያ ቢሻው የሚባል ምላሱ የማይገራ ሰው ነበር አሉ። እኔ ከአባቴ ሰማሁ፣ አባቴም ከአባቱ። በዚያ ገበያ ጨው የሚሸጡት ሦስት ሆዳሞች ነበሩ፤ አጎናፍር፣ ተሰማ እና ገላጋይ። ስማቸውን ስጠራ እንኳ አፌን ይመረኛል!

እነዚህ ጉዶች ጽዋ እንጠጣለን ብለው በር ዘግተው የጨው ዋጋ ይቆርጡ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ቁና ማሽላ ይበቃው የነበረ አሞሌ በሦስቱም ዘንድ ሁለት ቁና ገባ። አያ ቢሻው «ምን መጣ?» ቢላቸው፣ አጎናፍር «ምንም አልተማከርን፤ ሁላችንም በየፊናችን ያሰብነው ነው» አለ።

«ሦስት ሰው እኩል ካስነጠሰማ፣ በርበሬ የበተነ አለ!» አለ አያ ቢሻው።

ትደነቅ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት በሁለት አህያ ጨው አምጥታ በድሮው ዋጋ መሸጥ ጀመረች። ልጆቿን የምታበላው በዚያችው ነው። ሦስቱ ታዲያ እሷን ለማክሰር ጨዋቸውን ከገዙበት በታች ጣሉት። ገላጋይ ደግሞ አያፍርም፣ ደረቱን ነፍቶ «ለድሃው ራርተን እኮ ነው» ይላል።

«እግዜር ይስጣችሁ! ርኅራኄያችሁ ይቺ ሴት ከገበያ እስክትወጣ ነው፣ ወይስ ከዚያ ወዲያም ይተርፈናል?» አለ አያ ቢሻው።

ትደነቅ ጥርሷን ነክሳ ቆየች። ይሄኔ «ለእሷ ጨው የሰጠ ከእኛ ጋር አይነግድ» ብለው ጨው አምጪዎቹን ሁሉ አስፈራሩ። አህዮቿ ባዷቸውን ተመለሱ፣ ልጆቿም ጦማቸውን አደሩ። አያ ቢሻው ደሙ ፈልቶ ይዟት ዳኛው ቀኛዝማች ውብነህ ዘንድ ሄደና «ሦስቱ ተማክረው ነው» ብሎ ከሰሰ።

ቀኛዝማችም «ተማክረው ከሆነ ሴትዮዋ ካሻት ሰው ገዝታ እንደ ልቧ ትነግድ፣ የከለከላትም ይቀጣል። ካልተማከሩ ግን አንተ በሐሰት ከሰሃልና ትገረፋለህ» አሉ። አለንጋው መጣ።

ሦስቱ ተጠርተው መጡና ዓይናቸውን በጨው ታጥበው «አልተማከርንም» ብለው ማሉ።

«ጌታዬ፣ እኛ እኮ ደመኞች ነን! ሰላምታ እንኳ የለንም!» አለ አጎናፍር።

«እኔማ የሁለቱንም ፊት ማየት ያስጠላኛል!» አለ ተሰማ።

ገላጋይም መሬት እየመታ «አንድ ገበያ ባያገናኘን ኖሮ ተገዳድለን ነበር!» አለ።

ዳኛው ሊያምኗቸው ምንም አልቀራቸው። «መልካም፤ ለመሐላችሁ እያንዳንዳችሁ ዋስ ጥሩ» አሉ።

አጎናፍር ቀልጠፍ ብሎ «ተሰማ ዋሴ ነው!» አለ። ተሰማ «ገላጋይ ዋሴ ነው!» አለ። ገላጋይም «አጎናፍር ዋሴ ነው!» ብሎ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።

አያ ቢሻው ጋቢውን አስተካክሎ እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ ሴትዮዋ አህዮቿን ትጫን፤ ደመኛውን ዋስ የሚጠራ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!»