ጨው የማይበላ ትንፋሽ

ድሮ ነው፤ እናንተ ድሮ ከምትሉትም ወዲያ። ብር የአንገት ጌጥ እንጂ የገበያ ገንዘብ ያልሆነበት ዘመን። እህል በጨው ይገዛል። አህያ በጨው ይገዛል። አሞሌ ይሉታል፤ በአንድ ልክ ተጠርቦ ከሩቅ ቆላ የሚመጣ የጨው ድንጋይ።

ጠጋ በሉ። የምነግራችሁ ስለ ትኩዬ ነው።

ትኩዬ ገመድ ሻጭ ነበረች፤ የዋርካ በር ሰው። ቃጫ ትፍቃለች፣ ትገምዳለች፣ ቅዳሜ ትሸጣለች። ነገር ቶሎ አይገባትም። ጨዋታ ሲጫወቱ ሰው ሁሉ ስቆ ሲያበቃ እሷ ትስቃለች።

በዋርካ በር የገመድ ሻጮች ማኅበር ነበር። ሰው ሁሉ በየተራው አንድ አንድ አሞሌ ያዋጣል። አህያው የሞተበት ከዚያ ይረዳል፤ ቤቱ የተቃጠለበት ከዚያ ይረዳል። ጨው የሚቀመጠው በጠባቂው በአያ ጓንጉል ጓዳ ነው። ሂሳቡ የሚቀመጠው ገመድ ላይ ነው፤ አንድ አሞሌ ሲገባ አንድ ቋጠሮ።

ጓዳውን ከአያ ጓንጉል በቀር ማንም አይከፍትም። የሰው ትንፋሽ ጨው ይበላል ይባል ነበራ! ብዙ ሰው የተነፈሰበት አሞሌ ያልቃል። አባቶች ብለዋል። ስለዚህ ጠባቂው ብቻ አፉን አስሮ ይገባል፣ አፉን አስሮ ይወጣል።

አንድ ዓመት የማኅበሩ ሙሴ ሞተ። መሪያቸውን ሙሴ ነበር የሚሉት። አያ ጓንጉል ተነሣና፣

«ትኩዬ ትሁን» አለ።

ሰው ሳቀ። ቆየት ብላ ትኩዬም ሳቀች።

«ምን ያስቃችኋል? ቀና ሰው ናት። ለሥራው እንደሆነ እኔ አለሁ።»

ሙሴ ሆነች። ለምን እንደመረጣት አልገባትም።

የሂሳብ ቀን ደረሰ። አያ ጓንጉል ገመዱን ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ስልሳ ቋጠሮ፣ ስልሳ አሞሌ። ይሁን በሉ!»

«ይሁን!» አሉ። ትኩዬ ብቻ አላለችም። ሙሴው ይሁን ካላለ ሂሳብ አይዘጋም።

«አልገባኝም» አለች።

«ምኑ ነው ያልገባሽ፣ እቴ?»

«ቋጠሮውን አየሁት። አሞሌውን አላየሁትም። እንዴት ነው አንዱን አይቼ ሌላውን ይሁን የምለው?»

«ትኩ!» አለ አንዱ ከኋላ። «ገመድሽ ረጅም፣ ሐሳብሽ አጭር!»

ሳቁ። እንደገና ነገሯት። እንደገና አልገባትም። ሦስት ቅዳሜ ይህን ሲሉ ሰነበቱ፤ ሦስት ቅዳሜ ሂሳቡ ሳይዘጋ ቀረ። በመጨረሻ ሰለቻቸውና ጓዳው ተከፈተ።

አፋቸውን በነጠላ አስረው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ አንድ በአንድ ገቡ። አንዱ ፊቱ ደም መስሎ ወጣ። አንዱ ሠላሳ ላይ ትንፋሽ አጠረውና ሮጦ ወጣ፤ ከአንድ ጀመረ። ትኩዬ ሁለት ጊዜ ገባች።

ስልሳ ነው። ልክ ስልሳ።

«ሌባ አልሽኝ፣ አይደል?» አለ አያ ጓንጉል።

«አላልኩም። አልገባኝም ነው ያልኩት።»

ማን ይስማት። ድንጋይ በትከሻዋ ተሸክማ እግሩ ላይ ወደቀች። «እግዜር ይቅር ይበልሽ» አላት። ወደ ቤቷ ሄደች። ቁጥሩ ልክ ነው። ልቧ ግን አላረፈም። ለምን እንዳላረፈ እሷም አታውቅም።

ክረምቱ ወጣ። የደብሬን አህያ ጅብ በላው። ደብሬ ባሏ የሞተባት፣ የአምስት ልጆች እናት ናት። አህያ ከሌላት ገመዷ ከደጇ አይወጣም፤ ገመዷ ካልወጣ ልጆቿ አይበሉም። ማኅበሩ ዐሥር አሞሌ ሰጣት፤ የአንድ አህያ ዋጋ።

የአህያ ነጋዴው አንዱን አነሣ። ሌላውን አነሣ። ሁለቱን በእጁ መዘነ።

«ሴትዮ፣ ይሄ አሞሌ ነው የአሞሌ ግልገል? ዐሥራ አምስት ካልሆነ አህያዬን አልፈታም።»

ደብሬ እያለቀሰች ተመለሰች። ዐሥር ተቆጥሮ ወጣ። ዐሥር ተቆጥሮ ተመለሰ። ዐሥር ግን አይደለም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«ነግሬ አልነበር?» አለ አያ ጓንጉል። «ሃያ ሰው ተነፈሰበት! ማን ነው ጓዳውን ያስከፈተው?»

ሁሉም ወደ ትኩዬ ዞረ። ፈረዱባት። የጎደለውን አምስት አሞሌ እስከ ቅዳሜ ትክፈል፤ ካልከፈለች ከገበያው ቦታዋን ትልቀቅ። ትኩዬ ያላት አንድ አሞሌ ነው። ቦታዋን ከለቀቀች ሌላ እንጀራ የላትም።

ምናልባት እኔ ነኝ፣ አለች በልቧ። ሁለት ጊዜ ገብቻለሁ።

ቤቷ ገባች። አንድ አሞሌዋን አወጣች። ወገቡን በቀጭን ገመድ ጥብቅ አድርጋ ለካች፤ ገመዱን እዚያው ቆረጠች። ከዚያ ተነፈሰችበት። ራሷ እስኪዞር። ለካች። ገመዱ ልክ ነው። ደግማ ተነፈሰች። ልክ ነው። በማግስቱም። ልክ ነው።

ምናልባት የእኔ ትንፋሽ ደካማ ይሆናል።

ቅዳሜ አሞሌዋን ታቅፋ ገበያ መጣች። በሰው ሁሉ ፊት ለካችው።

«ተንፍሱበት» አለች።

«አበደች!» አሉ። ግን ተነፈሱ። ማን ይቀራል? ገመድ ሻጩ ተነፈሰ። ሽንኩርት ሻጯ ተነፈሰች፤ «የእኔስ ይበላዋል!» ብላ አሳቀች። የአህያ ነጋዴው ጉንጩን ነፍቶ ተነፈሰ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ እፍ፣ እፍ። ትኩዬ ለካች።

ልክ ነው።

ሳቁ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ሳይታዘዝ ሄዶ ከጓዳው አንድ አሞሌ ይዞ መጣ። ያው ገመድ ተጠመጠመበት። ሦስት ጣት ተረፈ። ጎኑን ዳሰሱት። እርጥበት የበላው ጨው ይድቦለቦላል፤ ይሄ ግን ቢላ እንደነካው እንጨት ቀጥ ያለ ነው። ጨዋቸውን ሲቆጥሩ ኖረዋል። ገመድ ሠሪ ሆነው አንድ ቀን በገመድ አልለኩትም።

«አልገባኝም» አለ አያ ጓንጉል።

ማንም አልሳቀም።

«እኔም አልገባኝም፣ አያ ጓንጉል» አለች ትኩዬ። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረን።»

ከዚያ ነገራቸው። ላሞቹ ጨው ይወዳሉ። መጀመሪያ ከአሞሌው የሚረግፈውን ዱቄት ጠርጎ ይሰጣቸው ነበር። ርጋፊ ማንን ይጎዳል? ከዚያ ትንሽ ፋቀ። ከዚያ ትንሽ።

«መቼ ከመጥረግ ወደ መፋቅ እንዳለፍኩ እኔም አላውቀውም» አለ። «ቁጥሩ ልክ ነበር። ቁጥሩን አይ ነበር።»

አንድ ጊደር ከፈለ። ደብሬ አህያዋን ገዛች። ትኩዬ ቦታዋ ላይ ቀረች። ሙሴነቱ ይብቃኝ ብትልም አልተዋትም፤ እስክትሞት መራቻቸው። ጥሩ መራች? እንጃ። አንዳንዱ ስብሰባው ረዘመ ይል ነበር። አያ ጓንጉልንም ጠባቂነቱን አልነሡትም ይባላል፤ የጓዳውን በር ብቻ ነቀሉት። የትኩዬ መቃብር የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ይኸው እስከ ዛሬ በዋርካ በር የሂሳብ ቀን ሲደርስ፣ ይሁን ከመባሉ በፊት፣ አባላቱ ተሰልፈው በማኅበሩ ንብረት ላይ አንድ በአንድ እፍ ይላሉ። በጨው ዘመን በጨው ላይ። በብር ዘመን በሣጥኑ ላይ። አሁን ማኅበሩ ደረሰኝ አለው፣ የባንክ ደብተር አለው። ባለፈው ዓመት ከከተማ ኦዲተር መጣ፤ ክራቫት ያሰረ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በሥርዓት ደረደረ። «ሂሳቡ ትክክል ነው» ሊል አፉን ሲከፍት ሰዎቹ ተሰለፉ። እፍ። እፍ። ወረቀቱ በአዳራሹ ሁሉ ተበተነ።

«ኧረ ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ጮኸ።

«ትኩዬ ናት» አሉት።

«ማናት ትኩዬ? ምንም አልገባኝም!»

አንዲት ገመድ ሻጭ ወንበር ሳበችለት።

«እሰይ፣ የእኔ ልጅ» አለችው። «እኛም አልገባንም። በል ወረቀትህን ሰብስብና ከመጀመሪያው አንብብልን።»