«ችግር የለም» ያለው ሙሽራ

አንድ ሰው ነበረ፣ ወገኖቼ። ሥራው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ ጎበዝ ነው፤ አንድ አመል ግን አለበት። «አልችልም» የምትባል ቃል ከአፉ አትወጣም። ቢያንቁትም አትወጣም!

የሚሠራበት ቢሮ ደንብ አለው። ሥራቸውን በሁለት በሁለት ሳምንት ከፋፍለው ነው የሚሠሩት፤ «ስፕሪንት» ይሉታል። ስፕሪንቱ ሊጀመር ሲል ሰኞ ጠዋት ግድግዳው ሥር ይሰበሰባሉ። ሥራው በትንንሽ ወረቀት ተጽፎ ተለጥፏል፤ እያንዳንዱ የሚችለውን ያህል ያነሳል። ልብ በሉ፣ የሚችለውን ያህል! አለቃው አይጭንባቸውም። «ትችላለህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ የሰጡትን መልስ ያምናል፣ በቃ።

አንድ ሰኞ የተከፋፈሉት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት በስልክ የሚሸጥ ፕሮግራም ሥራ ነበር። አንዷ «እናቴ ታማብኛለች፣ አንድ ይበቃኛል» አለች። ማንም ቅር አላለውም። የኛ ሰው ተራ ደረሰ። አለቃው ምናሴ ፈገግ ብሎ፣ «አንተማ ሙሽራ ነህ። ስፕሪንቱ ባለቀ ማግስት ሰርግህ ነው፤ ቀለል ያለችውን ውሰድ» አለው።

ይሄኔ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ አይቀመጥም? አይቀመጥም! «ኧረ ችግር የለም!» ብሎ ሦስት አነሳ። መጨረሻ ላይ ማንም ያልደፈራት ከባዷ ወረቀት ቀረች፤ የትኬቱን ክፍያ የምትቀበለዋ ክፍል። ሁሉም ዝም አለ። ልጁ ደግሞ ዝምታ አይችልም፤ «ምን ይሉኛል» አለና እጁን ዘረጋ። «እሷንም ስጡኝ፣ ችግር የለም!»

የሥራ ባልደረባው ናሆም ሚዜውም ነው። በክርኑ ጎሰም አደረገው፤ «አብደሃል እንዴ? ሱፍህን እንኳ አልለካህም እኮ!»

«ይደረሳል ባክህ» አለ ልጁ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ብሎ የነገረው ሰው የለም መሰለኝ።

ከዚያማ ምን ልንገራችሁ! ሱፉን ናሆም በግምት ገዛለት፤ እጅጌው ጣቶቹን ሸፈናቸው። ሙሽራዋ ሶስና ስትደውል «ቆይቼ ልደውልልሽ» ይላታል፤ አይደውልም። ምናሴ በየጠዋቱ «ላግዝህ እንዴ?» ሲለው «ችግር የለም» ይለዋል። ችግር ግን ነበረ! ትኬቱ ከሰርጉ ቀጥሎ ባለው ሰኞ መሸጥ እንደሚጀምር ታውጇል፣ በሰርጉ ጠዋት ሥራው አላለቀም።

እናም ሙሽራው በአበባ ባጌጠ መኪና፣ ላፕቶፕ ጭኑ ላይ አድርጎ ሶስና ቤት ደረሰ። መቼም ታውቃላችሁ፣ የሙሽሪት ጓደኞች በር ይይዛሉ፤ ሚዜዎች ይለምናሉ፤ ሙሽራ «ምነው ቶሎ በከፈቱልኝ» ይላል። የኛው ሙሽራ ምን እያለ ቢጸልይ ጥሩ ነው? «ጌታ ሆይ፣ ሴቶቹን አበርታቸው! በሩን እንዳይከፍቱ!»

ሳቃችሁ አይደል? ሶስና ግን አልሳቀችም። በመስኮት አይታዋለች። ደወለችለት።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ትንሽ ሥራ ቀርታኝ ነው፣ ሶሲ። ችግር የለም፣ አሁን እወርዳለሁ።»

«ስማኝማ» አለችው። «ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት ‹አዎ› ልትለኝ ነው። ያ ‹አዎ› ከዚህ ‹ችግር የለም› በምን ይለያል?»

ልጁ አፈረ። እንባው መጣ። ላፕቶፑን ዘጋና ሰርገኞቹ ወዳሉበት ወደ ኋላው መኪና ሄደ፤ ምናሴ እዚያ ነው። «ምናሴ፣ የክፍያዋን ሥራ አልቻልኳትም» አለው።

ምናሴ ሳቀ። «ተመስገን! ይህችን ቃል እኮ ያን ሰኞ ስጠብቃት ነበር። ያኔ ብትነግረኝ ሁላችንም ተረባርበን እንጨርሳት ነበር። አሁን ሽያጩ ይዘገያል። ለባለ አውቶቡሶቹ እኔ እነግራቸዋለሁ፤ ይቆጣሉ፣ እንችለዋለን። አንተ ሂድ፣ ሚስትህን አምጣ!»

ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ፓስተሩ «በደስታም በመከራም ልትወዳት ቃል ትገባለህ?» ሲለው ልጁ ዝም አለ። አጎቱ ጉሮሮውን ጠረገ። እናቱ ደረቷን ያዘች። ናሆም «በል እንጂ!» ብሎ አንሾካሾከ። እሱ ግን ሶስናን ዓይን ዓይኗን እያየ አሰበ፤ ከዚያ «አዎ» አለ። ሰው ሁሉ በመዘግየቱ ደንግጦ ሳለ እሷ ብቻ ሳቀች። ይሄኛው «አዎ» ታስቦበት እንደመጣ ገብቷታል።

እናንተስ? ለዕድሩ «ችግር የለም»፣ ለመዘምራኑ «ችግር የለም»፣ ለአለቃ «ችግር የለም» ብላችሁ፣ ቤት ስትገቡ ልጃችሁ «አባዬ» ሲል «ቆይ፣ ደክሞኛል» የምትሉት ስንቶቻችሁ ናችሁ? ጌታ ነው ይህን ሁሉ የጫነባችሁ? ወይስ ይሉኝታ? አሜን ያላችሁኝም በይሉኝታ እንዳይሆን!

ሁሉን እሺ የሚል ሰው ደግ ይመስላል። ነገር ግን እሺታው ያለቀበት ሰው ለሚወደው ምን ይሰጣል? ለማን ነው ያላለቀ ጉልበት፣ ያልተሰላቸ ፊት ያስቀራችሁት?

ነገ ሰኞ ነው። «ትችላለህ?» «ትችያለሽ?» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ቆም በሉ። ቤት የምትጠብቃችሁን ሶስና አስቧት። ከዚያ መልሱ።