ሻጩን የጠረጠረው በያጅ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ አዛውንቱ መምህር ኅሩይ። አዲስ ምራቷን ማመን ያቃታት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዘርፌ፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ታዲያ ሰውን መጠርጠር ጥበብ ነው ወይስ ኃጢአት?» ብላ ጠይቃቸው ነው።

ሰውዬው ብየዳ ይወድ ነበር። እንጀራው ሌላ ነው፤ ብየዳውን በዕረፍት ቀኑ፣ በጓሮው፣ ለደስታው ይሠራዋል። በአንድ እጅ የምትነሣ ትንሽ ማሽን ነበረችው። ክፋቱ ተጠራጣሪ ነው። ሰላም ያለውን ሰው እንኳ «ምን ፈልጎ ይሆን?» ሳይል አያልፍም።

እናቱ ፀሐይ የሚሞቁት ፎቅ ላይ ባለው በረንዳ ነው። ወገባቸው እየደከመ ስለ ሄደ በበረንዳው ጠርዝ የሚደገፉት ብረት ሊሠራላቸው አሰበና ብረት የሚያያይዘውን የብየዳ ዘንግ፣ ኤሌክትሮድ፣ ሊገዛ ሄደ። ባለሱቁ የማሽኑን አቅምና የብረቱን ውፍረት ጠየቀው። ሰውዬው በልቡ፣ ይሄ ምን አገባው፣ ጀማሪ መሆኔን አውቆ ያልተሸጠለትን ሊያሸክመኝ ነው አለ። ስለዚህ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ማሽኑ የትልቅ ጋራዥ ነው፣ ብረቱም ወፍራም ነው ብሎ መለሰ።

ባለሱቁ ከፊት የተደረደረውን ተራውን ኤሌክትሮድ ትቶ፣ እርጥበት እንዳይገባው ውስጡ አምፖል ከሚበራበት ሣጥን ሌላ ዓይነት አወጣለት፤ ቤቱም ደረቅ ቦታ እንዲያኖረው አደራ አለው። ሰውዬው ደስ አለው። ደኅናውን ደብቆት ኖሯል፣ ባልዋሸው መች ያሳየኝ ነበር አለ። አደራውን ግን ሣጥኑንም ሊሸጥልኝ ነው ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለው፤ ኤሌክትሮዱን ከውሃ በርሜሉ ሥር አኖረው።

ሲበይድ ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ እየተጣበቀ ፈተነው፤ ትንሿ ማሽን አቅም አጣች። እንደ ምንም አያይዞት፣ ጉብታውን ሞርዶ ቀለም ቀባው። አማረ። የሰው ሥራ ሲሆን በመዶሻ ሳይመታ የማያምነው ሰው የራሱን አንድ ጊዜ እንኳ አልመታም።

በማግስቱ እናቱ መርቀውት ደገፍ አሉ። መጋጠሚያው ቀጭ አለና ብረቱ ወደ ውጭ ተገነጠለ። አንድ እጃቸው የበሩን መቃን ባይዝ ኖሮ ከመሬት ይለቀሙ ነበር። ሮጦ እናቱን ደግፎ ወደ ውስጥ አስገባቸው። ግን ጥርጣሬው ወዲያው ተመለሰና የተሰበረውን ይዞ ወደ ሱቁ ገሰገሰ፤ ፎርጅድ ሸጠህልኝ እናቴን ልትገድልብኝ ነበር ብሎ አምባረቀ።

ባለሱቁ ስብራቱን አገላብጦ አየው። ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ቀዳዳ እርጥበት ያመጣው ነው። ብረትህ ቀጭን ነው፤ ብየዳው ብረቱን በደንብ አላቀለጠውምና ማሽንህም ያልከኝ ማሽን አይደለም። ለአንተ የሚሆነው ያ ከፊት ያለው ተራው ነበር። እኔ የሸጥኩት ለነገርከኝ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አንተ አይደለህም።»

መምህር ኅሩይ ወደ ወይዘሮ ዘርፌ ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ ያ አባባል ጠርጥሪ አለ እንጂ ከማን ጀምሪ አላለም። ሰውዬው ሻጩንም ምክሩንም ጠረጠረ፤ የገዛ እጁን ግን አመነ። አንቺም ምራቴ ትደብቀኛለች ትያለሽ። አንቺስ እውነቱን ነግረሻት ታውቂያለሽ? ሂጂ፣ መጀመሪያ የራስሽን ብየዳ በመዶሻ ምቺው፤ ሰው ሳይደገፍበት።»