ቡላ በዳማ ፊት አይበላም

ተረት ተረት። «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ የዛሬው የፈረስ ነው፣ የፈረስ ነገር ደግሞ ከላም ነገር ይብሳል። ላም ብትጣላ በቀንዷ ገፋ አድርጋ ትተወዋለች። ፈረስ ግን ቂም ይይዛል፣ ቂሙንም ለጓደኛው ያካፍላል። ስሙኝ ብቻ። መሃል ላይ «ማን ነበር ያ?» ብላችሁ ካቋረጣችሁኝ ከመጀመሪያው ነው የምጀምርላችሁ።

አትጠገብ የምትባል ሴት ነበረች። እናንዬ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። እናንዬ ከገደሉ ማዶ ተድራ፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ ወሯ እየተቃረበ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ በኛ አገር ይህን የማያውቅ የለም። ግን ነፍሰ ጡር ያን ገደል በእግሯ ወርዳ አትወጣውም። የአትጠገብ ታላቅ እህት እሞክራለሁ ብላ፣ ምጥ መንገድ ላይ ይዟት እዚያው ቀርታለች። ስለዚህ አትጠገብ በጎቿን ሸጣ ቡላን ገዛች። ቡላ ሰጋር ነው፤ ጀርባው ላይ የሞላ ዋንጫ ቢያስቀምጡ ጠብ አይልም። አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፦ ቡላ ጠግቦ ይብላና ልጇን ያምጣላት። ይህችን ብቻ። ብዙ ነው?

አዝመራው እስኪሰበሰብ ድረስ የመንደሩ ጋማ ከብት ሁሉ በካብ በታጠረ አንድ መስክ ይዘጋል። ሣሩ ቶሎ ስለሚያልቅ ድርቆሽ ይጨመርለታል፤ ድርቆሹም የወል ነው፣ ቤቱ ያስቀረ ይቀጣል። አትጠገብም ቡላን እዚያው አስገባችው። ገና እንደገባ ዳማ የምትባል ባዝራ አየችው። ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ፣ ጥርሷን አግጥጣ መጣችበት። ወደ ድርቆሹ ሲጠጋ ትነክሰዋለች፤ ሲርቅ ደግሞ «ለምን ራቅህ» ብላ ትረግጠዋለች። ቡላ ጥግ ይዞ ቆመ፣ ጎድኑ ይቆጠር ጀመር። አትጠገብ ቤቷ አስራ ልትቀልበው ሞከረች፤ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ሲያሽካካ ዋለ እንጂ አልቀመሰም። መልሳ አስገባችው።

ከዚያ ወደ ዳማ ባለቤት ወደ አያ ሽባባው ሄደች። አያ ሽባባው ማጭድ ይስል ነበር።

«አያ ሽባባው፣ ዳማህን ለጥቂት ቀን ቤትህ እሰርልኝ። ቡላ በዳማ ፊት አይበላም፤ እናንዬም በተራበ ፈረስ አትመጣም።»

«ባስራት ደስ ባለኝ፣ እኔንም ነክሳኛለች» አለ አያ ሽባባው። «ግን ከስንዱ በቅሎ አትለይም። ዳማን ባወጣት በቅሎዋ ካቡን ዘልላ ስትከተል ጤፉ መሃል ነው የምትወርደው። አምና አይተነዋል። መጀመሪያ በቅሎዋ ትታሰር፤ ያኔ ዳማ ራሷ ተከትላ ትወጣለች።»

እሺ። በቅሎዋን ለማሳሰር ወደ ስንዱ ሄደች። ስንዱ ግቢዋ ውስጥ በርበሬ ታሰጣ ነበር።

«እቴ ስንዱ፣ በቅሎሽን እሰሪልኝ። ዳማ ያለ በቅሎዋ አትወጣም፤ ቡላ በዳማ ፊት አይበላም፤ እናንዬም በተራበ ፈረስ አትመጣም።»

«ወይ አትጠገብ፣ የት ልሰራት?» አለች ስንዱ። «ጋጣዬን አምባላይ ይዞታል። የቢያድግልኝ ጋጣ ክረምት ላይ ወደቀና ፈረሴን አስጠጊልኝ ብሎ ለመነኝ። እኔም እምቢ ማለት አላውቅ፣ እሺ አልኩ። በቅሎዬን አብሬ ባሳድራት በሩን ሰብራ ወጣች። በሩንም እስካሁን አልሠራልኝም። እሱ አምባላይን ያውጣልኝ፣ እኔ በቅሎዬን አስገባለሁ።»

አያችሁ? ገና ሁለት ደጃፍ ነው የዞረችው፣ እኔን ግን ከወዲሁ ታከተኝ። ወደ ቢያድግልኝ ሄደች። ቢያድግልኝ ጉግስ የሚጫወት ጎረምሳ ነው፤ ከፈረሱ ይልቅ ኮርቻውን የሚወለውል። ያን ቀንም ሲወለውል ነው ያገኘችው።

«ቢያድግልኝ፣ አምባላይን ወደ መስኩ መልስልኝ። በቅሎዋ ከአምባላይ ጋር አታድርም፤ ዳማ ያለ በቅሎዋ አትወጣም፤ ቡላ በዳማ ፊት አይበላም፤ እናንዬም በተራበ ፈረስ አትመጣም።»

«እታለም፣ ቢመለስልኝ እኔስ ጠላሁ?» አለ ቢያድግልኝ። «የየኔታ ፈረስ ጉራች እኮ የመስኩን በር ይዞ ቆሟል። አምባላይ ሊገባ ሲል ባለፈው ጆሮውን ዘነጠለው። አንዱን ደግሞ ከወሰደው ለጥምቀት በየትኛው ጆሮ ልወጣ ነው? ጉራች ከበሩ ይነሣ፣ አምባላይ አሁኑኑ ይገባል።»

አትጠገብ «ፈረስ የሚጋለበው በጆሮው ነው እንዴ?» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ዋጠችው። ለማኝ አይመርጥም። ወደ የኔታ ሄደች። የኔታ ከዋርካው ሥር ቁጭ ብለው ብራና ይፍቁ ነበር። ጉልበታቸውን ሳመች።

«የኔታ፣ ጉራችን ከበሩ ያንሡልኝ። አምባላይ በጉራች ፊት አይገባም፤ በቅሎዋ ከአምባላይ ጋር አታድርም፤ ዳማ ያለ በቅሎዋ አትወጣም፤ ቡላ በዳማ ፊት አይበላም፤ እናንዬም በተራበ ፈረስ አትመጣም።»

«ምን ላድርግ ልጄ» አሉ የኔታ መፋቃቸውን ሳያቋርጡ። «እናቱ ስትሞት ያደገው ከዝማም አህያ ጋር ነው። እሱ አህያውን ጠባቂ ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው። አህያው በቆመበት ይቆማል። መክሬዋለሁ፣ ገሥጬዋለሁ፣ አይሰማም። አህያው ካልተነሣ ጉራች አይነሣም።»

ወደ እማማ ዝማም ሄደች። መቼም ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች፣ ሴትዮዋ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። እማማ ዝማም ደጃቸው ላይ ጥጥ ይፈትሉ ነበር።

«እማማ፣ አህያዎን ከበሩ ያንሡልኝ። ጉራች ከአህያው አይለይም፤ አምባላይ በጉራች ፊት አይገባም፤ በቅሎዋ ከአምባላይ ጋር አታድርም፤ ዳማ ያለ በቅሎዋ አትወጣም፤ ቡላ በዳማ ፊት አይበላም፤ እናንዬም በተራበ ፈረስ አትመጣም።»

«ወዴት ይሂድ ብለሽ ነው ልጄ?» አሉ እማማ ዝማም። «እንደኔው ጥርሱ አልቋል። ሣር መንጨት አይችልም። ፈረሶቹ ከገንዳው ሲያረግፉ እሱ ከሥር ይለቅማል። ገንዳው ደግሞ ያለው በሩ ላይ ነው። ከገንዳው ቢርቅ በረሃብ ይሞትብኛል። ገንዳው ይነሣ፣ አህያዬም ይነሣል።»

አትጠገብ ነጠላዋን አጠበቀችና ወደ መስኩ ዳኛ ወደ አባባ ተድላ ሄደች። አባባ ተድላ መስኩ በር ላይ ድርቆሽ ወደ ገንዳው ይጨምሩ ነበር። ገንዳው ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ ነው። ጋማ ከብቱም ዙሪያውን ሲራገጥ፣ ሲናከስ፣ ሲያጓራ፣ አቧራው ሰማይ ነክቷል። ቡላ ከሩቅ ቆሞ ያያል።

«አባባ፣ ገንዳውን ከበሩ ያንሡልኝ። አህያው ከገንዳው አይርቅም፤ ጉራች ከአህያው አይለይም፤ አምባላይ በጉራች ፊት አይገባም፤ በቅሎዋ ከአምባላይ ጋር አታድርም፤ ዳማ ያለ በቅሎዋ አትወጣም፤ ቡላ በዳማ ፊት አይበላም፤ እናንዬም በተራበ ፈረስ አትመጣም።»

«ገንዳው አይነሣም» አሉ አባባ ተድላ። «አባቶቻችን ያኖሩት ነው። አንድ ገንዳ ነው፣ ሁሉም ከሱ ይበላል። ሰው ከአንድ መሶብ ሲበላ አይዋደድም? ከብቱም እንዲዋደድ ነው።»

«ታዲያ ተዋደደ?»

«ጊዜ ይፈልጋል።»

«መቼ ነው የተጀመረው?»

«በአባቴ ጊዜ» አሉ አባባ ተድላ፣ ምንም ሳያፍሩ። «ደግሞ አንቺ ባትመጪ ኖሮ ይሻል ነበር። ሰላም የነሣን ያንቺ እንግዳ ፈረስ ነው። ሁሉም እንዲበላ ከፈለግሽ ቡላን አውጪ።»

ቡላን አውጪ! እንግዲህ ፍረዱ። ሴትዮዋ ቡላ እንዲበላ አገሩን ስትዞር ዋለች፣ መጨረሻ ላይ ቡላ እንዳይበላ ተፈረደላት። እኔ ብሆን ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር። አትጠገብ ግን አላለቀሰችም፤ ተናደደች። ጠዋት የጀመረ ንዴት ነበር፣ ሰው እያከበረች ስትውጠው የዋለች።

«ስሙኝ አባባ» አለች። «ገንዳው ከበሩ አይነሣም። አህያው ከገንዳው አይርቅም። ጉራች ከአህያው አይለይም። አምባላይ በጉራች ፊት አይገባም። በቅሎዋ ከአምባላይ ጋር አታድርም። ዳማ ያለ በቅሎዋ አትወጣም። ቡላ በዳማ ፊት አይበላም። ልጄ ደግሞ ወሯ ደርሷል፤ እህቴ በቀረችበት መንገድ ልትቀርብኝ ነው። ገንዳዎ ካልተነሣ ይቀመጥ። ድርቆሹ ግን እግር የለውም፣ እኔ አለሁለት።»

ጎንበስ ብላ ከገንዳው አንድ እቅፍ ድርቆሽ አነሣች። ወስዳ ከካቡ ጥግ ጣለችው። ተመለሰች። ሌላ እቅፍ አንሥታ ከወንዙ ዳር ጣለች። አንዱን ከግራሩ ሥር፣ አንዱን ከቋጥኙ ማዶ። ለስላሳውን መርጣ፣ ጥርስ ለሌለው እንዲሆን በእጇ አድቅቃ ከጥላው ሥር አደረገችው። ለሁሉም አንድ አንድ ክምር፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ትርፍ ጨመረች፤ የተባረረ የሚሄድበት እንዲኖረው።

አባባ ተድላ ከኋላ ከኋላዋ ተከተሏት። «ምን ማድረግሽ ነው? ከብቱን እስከ መጨረሻው ልታለያዪው ነው እኮ።»

አትጠገብ እቅፏን እንደያዘች ዘወር አለች። «አባባ፣ እርስዎና ወንድምዎ በአንድ እርሻ ላይ ስትደባደቡ ኖራችሁ፣ ድንበር የተበጀ ለት አይደለም እንዴ የታረቃችሁት? ዛሬ የታመሙ ለት ማን ነው የሚያስታምምዎት?»

አባባ ተድላ በትራቸውን ካቡ ላይ አስደገፉና እሳቸውም አንድ እቅፍ ድርቆሽ አንሥተው ሄዱ።

ገንዳው ባዶውን በሩ ላይ ቀረ። አህያው የደቀቀው ድርቆሽ ሸተተውና ከገንዳው ራቀ። ጉራች አህያውን ተከተለ። በሩ ባዶ ሆነ፣ ቢያድግልኝም አምባላይን ከነጆሮው አስገባ። ጋጣው ተለቀቀ፣ ስንዱም በቅሎዋን አስገባች። ዳማ በቅሎዋን ተከትላ ወጣች፣ አያ ሽባባውም ደጁ ላይ አሰራት። ቡላ አንገቱን አቀና፣ ግራ ቀኝ አየ፣ የሚነክሰው ጠፋ። ወደ ትርፉ ክምር ሄዶ አፉን ነከረ። ሲያኝክ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነበር። አትጠገብ ካቡ ላይ ቁጭ ብላ ድርቆሹን ከፀጉሯ እየለቀመች አየችው።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ድርቆሹ እየተበተነ ይሰጥ ጀመር። ዳማም ወደ መስኩ ተመለሰች፤ የራሷ ክምር ስላላት የቡላን ማየት ተወች። አልተዋደዱም። ማንም እንዲዋደዱ አልጠየቃቸውም። የቡላ ጎን ሞላ፣ ጀርባው ተደላደለ፣ አትጠገብም ጭና ገደሉን ወረደች።

እናንዬን እግሯ አብጦ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። «እማ፣ ቀረሽ ብዬ ነበር» አለች። አትጠገብ ደግፋ ቡላ ላይ አወጣቻት፣ ልጓሙን ያዘች፣ መንገድ ጀመሩ። ቡላ ድንጋዩን እየመረጠ፣ ቀስ እያለ ወረደ፣ ቀስ እያለ ወጣ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ እናንዬ «እማ፣ ደከመሽ፣ እረፊ» አለቻት።

«አልደከመኝም» አለች አትጠገብ። ፊቷን ግን አላዞረችም፤ ልጇ እንባዋን እንድታይ አልፈለገችም። እናንዬ በእናቷ ቤት፣ በእናቷ አልጋ ላይ በሰላም ተገላገለች።

ተረቴን መልሱ። ዳቦውን ለራሳችሁ ያዙትና ለኔ ውኃ ስጡኝ፤ ያን ሁሉ ደጃፍ አብሬያት የዞርኩ ያህል ጉሮሮዬ ደርቋል።